የሌዲ ሞራግ ጡሩምባ

ፖርት ኬል፣ ስኮትላንድ
ኤፕሪል 21 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.

ለወንድሜ ልጅ ለኒል ማክፋይል
ፍሪማንትል፣ አውስትራሊያ

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አንተም፣ ሚስትህ ሎርናም፣ ትንሿ ከርስቲም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርኩት ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከእኔ ጋር መኖሩን እንጂ መስማማቱን ከተወ ሰንብቷል።

አባትህ የሚነዳት መርከብ ብርዱን ወራት ከተኛችበት ወጥታ ባለፈው ቅዳሜ የዓመቱን የመጀመሪያ ጉዞዋን አደረገች። ሌዲ ሞራግ ዘንድሮም አላረጀሁም ትላለች። ጭስ ማውጫዋን እንደ አዲስ ቀብተውታል፤ በጎንና በጎን ያሉት መቅዘፊያ ጎማዎቿ ግን ሲዞሩ እንደ እኔ ጉልበት ይንቋቋሉ። ከግላስጎው የመጡት መንገደኞች በዝናብ ረጥበው፣ በብርድ ጠቁረው፣ ደስ ብሏቸው ወረዱ። አባወራዎቹ እንደ ዱሮው «ሞተሩን አይተን እንምጣ» እያሉ ወደ መጠጡ ክፍል ሲወርዱ ነበር። ሞተሩ ቢራ ቢራ ይሸታል መሰለኝ፣ ሁሉም እሱኑ እየሸተቱ ነው የሚመለሱት።

እኔም የድርሻዬን ሠርቻለሁ። ባሕሩን የሚያየውን የቤቴን ግድግዳ ኖራ ቀብቼዋለሁ። ይህን ለአንተ ማስረዳት ሞኝነት ነው፤ ሎርና አብራህ የምታነብ ከሆነ ግን ትወቀው። ወደ ባሕሩ የገባውን የየብስ ጫፍ ዞሮ የሚመጣ ካፒቴን ነጩን ግድግዳዬን ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ሥር አስተካክሎ ከያዘ፣ «አሮጊቷ» የምንላት ዓለት አትነካውም። ካላስተካከለ ትነካዋለች። አያትህ በየዓመቱ ይቀቡት ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ የእኔ ሥራ ሆነ። ገመድ መቀበሉም እንደዚሁ። በዚህ አገር ጎረምሳ ጠፍቶ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ መርከብ ከሚጠጋበት ከእንጨት ድልድዩ ጫፍ ቆሜ የመርከብ ገመድ እቀልባለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅ። አባትህ ዕድሜ ሲጫነው ልቡ ለስልሷል። ካለፈው በጋ ጀምሮ ጫፉን ዞሮ በመጣ ቁጥር ለእኔ ጡሩምባ ይነፋል። ፀሐይ ግንባር በምትበሳበት በጠራ ቀን! መንደሩ ሁሉ «ኤፊ፣ ወንድምሽ ሰላም እያለሽ ነው» ይለኛል። አንዲት ቃል ማሞገሻ ከአፉ ወጥታ የማታውቅ ሰውዬ፣ ዛሬ በእንፋሎት ሰላም ይለኛል። አልዋሽህም፣ ደስ ይለኛል። ሽርጤን አውልቄ አውለበልብለታለሁ።

ደብዳቤ አይጽፍልኝም ብለህ አትቀየመው። ለገና የላከልህ ካርድ በምክትሉ በአርቺ ቶሽ እጅ መጻፉን አይቼ ጠይቄው «ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነው» ብሎኛል።

የከርስቲን ፎቶግራፍ ላክልኝ። በባሕሩ በሁለቱም ወገን ያለነውን የሚያውቅ አምላክ ይጠብቃችሁ።

አክስትህ ኤፊ


ፍሪማንትል
ሜይ 8 ቀን 1968

ላሳደገችኝ ለአክስቴ ለኤፊ

ሰላምታዬ ከጉልበትሽ በፊት ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አድራሻው መቀየሩን አይተሻል፤ አሁንም ቤት ለውጠናል። ሎርና «ልብስህን ከሻንጣ አውጥቼ ሳልሰቅል ሌላ ቤት ትከራያለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እዚህ ሰዎችን ወደ ደሴት በምታመላልስ ጀልባ ላይ ምክትል ነኝ። ባሕሩ ሞቃት ነው፣ ሰዉ ደግ ነው፣ ደመወዙ አይከፋም። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ማለዳ ስነሳ የት ልሄድ እንደነበር የረሳሁ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወስነናል። በዚህ በጋ እንመጣለን፤ ለጉብኝት ሳይሆን ለመቅረት። ከርስቲ አያቷ መርከብ አላቸው ብላ ለመንገዱ ሕፃናት ሁሉ አውርታለች። መሪውን ይዘው ሲነዱ አጠገባቸው ልትቆም ትፈልጋለች። ያኔ መርከቧ ላይ ስሠራ፣ ለአንቺ የወረወርኩትን ገመድ ስቼ ባሕር ውስጥ የጣልኩ ጊዜ፣ አባቴ ከላይ ሆኖ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው?» ብሎ የጮኸብኝን ልጄ አታውቅም፤ እንዲነገራትም አልፈልግም። በዚያው ዓመት ነው አገር ጥዬ የወጣሁት። ዛሬ ገመድ ስወረውር አልስትም። ይህንንም አትንገሪው፤ ራሱ ያያል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለምን አትበይኝ። ጡሩምባውን የሚነፋው ጫፉን ከመዞሩ በፊት ነው ወይስ ከዞረ በኋላ? አንዴ ነው ወይስ ደጋግሞ? ከነፋ በኋላስ ምን ያደርጋል?

ፎቶግራፉ ይኸው። ጥርሷ የጎደለው ወድቃ ሳይሆን ጊዜው ደርሶ ነው።

የሚወድሽ ኒል


ፖርት ኬል
ሜይ 26 ቀን 1968

ለኒል

መምጣታችሁን ሳነብ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። በሰላም ያምጣችሁ። አልጋውን ከአሁኑ ፀሐይ እያሞቅኩት ነው፤ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ማለቴ ነው። ከርስቲ ቁርጥ እናትህን ናት። ነፍሷን ይማርና እሷም ፎቶግራፍ ስትነሳ እንዲሁ አንገቷን ወደ ጎን ትጥል ነበር።

ጥያቄህ ግን አናደደኝ። ወንድሜ በዕድሜው መጨረሻ አንድ ጊዜ ሰላም ቢለኝ፣ አንተ ከዓለም ጫፍ ሆነህ በፊት ነው በኋላ ነው እያልክ እንደ ፖሊስ ትመረምረኛለህ? ከዞረ በኋላ ነው። አንዴ ነው፤ ረዘም ያለ። ከዚያ መርከቧ ዝም ትላለች። ጎማዎቹ ይቆማሉ። መርከቧ ላይ አኮርዲዮን የሚጫወተውን ሰውዬ ሳይቀር ዝም አሰኝቶታል አሉ፤ እስኪያልፍ ድረስ ሰው ሁሉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ይላል። ቀጥሎ ቀስ ብላ መጥታ ከድልድዩ ጎን ቁጭ ትላለች። እንቁላል ቢያስቀምጡ አይሰበርም። የአሁኑን ያህል ተሳክቶለት አያውቅም።

እሺ፣ በቃህ? ሌላ ወሬ ልንገርህ። ላክላን ማለት አባትህ ወደ ቤቴ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ቶሽን ትከሻውን ይዞት ነው የሚመጣው። «ጉልበቴን ያመኛል» ይላል። የጉልበት በሽታ በዘራችን ነው አልኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የስኳሩን ሣህን ጨው መስሎት ገፋው። ሐሳብ ላይ ሆኖ ነው።

ስለ መምጣታችሁ ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ጥቂት ሲያገላብጠው ቆየና «መቼ?» አለኝ። ያን ያህል ካለ ለእሱ ንግግር አደረገ ማለት ነው።

በመንገዳችሁ ላይ ቀና ነፋስ ይዘዝላችሁ።

ኤፊ


ፍሪማንትል
ጁን 16 ቀን 1968

ለአክስቴ ለኤፊ

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፣ አላስቻለኝም፤ ይቅር በይኝ።

አባቴ ሰላም እያለሽ አይደለም። የገደል ማሚቶውን እያዳመጠ ነው።

ጉም ሲወርድ የእኛ አገር ካፒቴኖች እንዴት እንደሚገቡ ታውቂያለሽ። ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ሞተር ያቆማሉ፣ ድምፁ ከገደሉና ከግድግዳው ተመልሶ እስኪመጣ ያዳምጣሉ፤ በዚያ ርቀቱን ያውቃሉ። እኔንም በዚያች መርከብ ላይ ያስተማረኝ እሱ ነው። ነገር ግን ይህ የጉም ሥራ ነው። ፀሐይ በወጣበት ቀን አኮርዲዮን አስቁሞ የሚያዳምጥ ካፒቴን ግድግዳሽ አይታየውም። ካርዱን ቶሽ ጻፈው። ስኳሩ ጨው ሆነ። የቶሽ ትከሻስ? አክስቴ፣ ጉልበቱ አይደለም።

ልሳሳት እችላለሁ። ብሳሳት ደስታውን አልችለውም። ስለዚህ ቁርጡን እንወቅ። ግድግዳውን ቀይ ቀቢው። አትንገሪው። ቶሽ ዓይን አለው፤ አጠገቡ ስለሚቆም መርከቧ ላይ አደጋ አይደርስም። አባቴ ካየ ገና ሳይወርድ ይሰድብሻል፤ እኔም ከርስቲን አጠገቡ አቆማለሁ። ካላየ ግን ልጄን እዚያ መርከብ ላይ አላሳፍርም። የሌላ ሰው ልጅስ? በጁላይ የግላስጎው ፋብሪካዎች ሁሉ ለበዓል ተዘግተው ሰዉ በሙሉ እሱ መርከብ ላይ ነው የሚፈሰው።

እኛ በጁላይ አሥር እንሳፈራለን። ከዚያ በኋላ ኬፕታውን እስክንደርስ ምንም ወሬ አይደርሰኝም። ለኬፕታውን ፖስታ ቤት ጻፊልኝ። እስከዚያ ግን ብቻሽን ነሽ። ይህን ማለት ያሳፍረኛል።

ኒል


ፖርት ኬል
ጁላይ 7 ቀን 1968

ለኒል፣ ኬፕታውን ሲደርስ

ይህን ስታነብ ባሕሩ ሳያንገላታችሁ መድረሳችሁን ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔን ደህንነት አትጠይቀኝ።

መጀመሪያ ሰደብኩህ። አያትህ የቀቡትን ግድግዳ ቀይ ላድርገው? ሁለት ሌሊት ተበሳጭቼ አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ከዓሣ አጥማጁ ከጎርደን ጀልባ የተረፈ ቀለም ለምኜ ተሸክሜ ወጣሁ። ቀይ ነው ብትለው ያንሰዋል። ቄሱ በአጥሩ በኩል ቆመው አዩኝና «ሚስ ኤፊ፣ ነገሩ ደህና ነው?» አሉኝ። ጎርደን ደግሞ «ኤፊ መጠጥ ቤት ልትከፍት ነው» ብሎ ለመንደሩ አወራ። ይበል። ኖራ አልቆብኝ ነው እያልኩ አለፍኩት።

በማግሥቱ ጠራራ ፀሐይ ነበር። መርከቧ ጫፉን ዞረች። ከድልድዩ ጫፍ ቆሜ «ላክላን፣ እባክህ ስደበኝ» እያልኩ ጸለይኩ። አምላክ እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ጡሩምባው ተነፋ። ጎማዎቹ ቆሙ። ጸጥ አለ። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ እንቁላል ሳትሰብር ተቀመጠች። ቶሽ ከላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ ግድግዳዬን ያያል፤ ፒፓው ከአፉ ሊወድቅ ደርሷል።

መንገደኞቹ ለመዝናናት ሲወርዱ አባትህ እንደ ልማዱ ቤቴ መጣ። የአጃ ቂጣ በቅቤ ሰጠሁት፣ ሻይ ቀዳሁ። ዘና ብሎ ተቀመጠ፤ እግሩን ዘረጋ።

«ኤፊ» አለኝ፣ «ዘንድሮ ኖራሽን ከየት አመጣሽው? ግድግዳው ከጫፉ ጀምሮ ያበራል። ከአባባ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ነጭ ሆኖ አላየሁትም።»

ሻዩን የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ቀዳሁት። እሱ ይህንንም አላየም። እኔን ለማስደሰት ብሎ ነው እንዲያ ያለው፣ ገብቶሃል? በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሊያሞግሰኝ ሲነሳ።

ሲመለሱ ቶሽን እጁን ይዤ ወደ ኋላ አስቀረሁት። «አርቺ ቶሽ፣ ግድግዳዬ ምን ቀለም ነው?»

«ቀይ ነው ሚስ ኤፊ። ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር።»

«እና ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ብዬ ልናገር? እዚህ መርከብ ላይ ስገባ ገመድ መቋጠር አላውቅም ነበር፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን በምን አፌ ነው ‹ካፒቴን፣ አይታይዎትም› የምላቸው? እሳቸው ያዳምጣሉ፣ እኔ አያለሁ። ሁለት ሰው አንድ ካፒቴን ወጥቶናል።»

«አንተ የሌለህበት ቀንስ?»

«እኖራለሁ» አለኝ። ቀጥሎ ኮሌታውን እያስተካከለ «ኒል እስኪመጣ ብቻ ነው የሚሉት» አለ። «‹ልጄ አንድ ቀን ይመለሳል፤ ሲመለስ መሪው ላይ ባዕድ ሰው ቆሞ ማግኘት የለበትም› ይላሉ። ለእኔ ነው እንዲህ የሚሉት፤ እኔም ባዕድ መሆኔ ነው እንግዲህ።»

ይህን ልደብቅህ አስቤ ነበር። ግን አንተም እንደ እኔ ተሸከመው።

ለመርከቧ ባለቤቶች ልንገር? ብነግር በማግሥቱ ያባርሩታል፣ ጋዜጣ ላይም ያወጡታል። ባልነግር የበዓሉ ሳምንታት እየመጡ ነው። መልስህ ሳይደርሰኝ ሰዉ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ያም ሆኖ እጠይቅሃለሁ፤ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ኤፊ


ኬፕታውን
ጁላይ 24 ቀን 1968

ለአክስቴ ለኤፊ

ደብዳቤሽ ፖስታ ቤት ጠብቆኝ አገኘሁት። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሎርና ምን ሆንክ ብትለኝ ግድግዳው ቀይ ነው አልኳት። አበደ ብላለች።

መልስ ልጽፍልሽ ነበር የተቀመጥኩት። የምጽፈውን ግን አላውቅም። የምንመጣበት መርከብ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል መርከበኞቹን ራሳቸውን አታክቻቸዋለሁ። ይነዳ አልልሽም። ለባለቤቶቹ ንገሪ አልልሽም። ደብዳቤ ጻፊለት እንዳልልሽ ማን ያነብለታል? ቶሽ? «ልጄ አንድ ቀን ይመለሳል» ብሏል። እኔ እኮ አንድም ቀን የጠበቀኝ መስሎኝ አያውቅም። በዚያች አንዲት ቃል ተቀይሜ ይህን ሁሉ ዓመት ከከተማ ከተማ ስዞር ኖርኩ፤ እሱ ደግሞ በማያይ ዓይኑ ቦታ ይዞልኛል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። የምታደርጊውን ሁሉ አድርጊ፤ ግን በሰው ፊት አይሁን። ከላይ ሆኖ የሚያይሽ ሕዝብ ፊት መዋረድ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ለእሱ አልመኝለትም። እቤትሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪው።

እየመጣሁ ነው። መርከቡ ግን አይፈጥንም።

ኒል


ፖርት ኬል
ኦገስት 4 ቀን 1968

ለኒል፣ ሳውዝሃምፕተን ሲወርድ

እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃህ። ሎርናን ሳሚልኝ፤ ልጅቷን ደግሞ ሁለት ጊዜ።

የኬፕታውኑ ደብዳቤህ ደርሶኛል። የደረሰኝ ግን ካደረግኩት በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እየጠየቅኩ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም። የለመንከኝን አላደረግኩም ኒል። በሰው ፊት ነው ያደረግኩት። ቁጭ ብለህ ስማኝ፣ ከዚያ የፈለግኸውን በለኝ።

ቤቴ በር ዘግቼ ሞክሬው ነበር። «ላክላን፣ ዓይንህን ሐኪም ይየው» ስለው «ያንቺን ጉልበት መጀመሪያ ይየው» ብሎ ሳቀና ሄደ። እንደገና ሞከርኩ። «የዓመቱ ጉዞ እስኪያልቅ፣ እስከ መስከረም ተይኝ» አለኝ፤ ድምፁን እንደዚያ ዝቅ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። እኔም ፈሪ ነኝ፣ ተውኩት። እስከ መስከረም ምን አላት ብዬ።

ከዚያ የበዓሉ ሰው መጣ። ግላስጎው ተገልብጣ እዚህ የፈሰሰች ነው የሚመስልህ። አንድ ማክሰኞ መርከቧ ሰው በአንድ ጎን ተጭኗት አዘንብላ ስትገባ፣ ሁለት ሴቶች የተከራዩዋትን ትንሽ ጀልባ ቀዝፈው ከድልድዩ ፊት ለፊት ቆመው አይስክሬም ይልሳሉ። ቶሽ ከላይ መሪው አጠገብ አልነበረም፤ ታች ሁለት ሰካራሞች ተደባድበው ሊገላግል ወርዷል። ጡሩምባው ተነፋ፣ ሴቶቹ እጃቸውን አውለበለቡ። ሰላም የተባሉ መስሏቸው! እንደ እኔው። ማሚቶ ከግድግዳ ይመለሳል እንጂ ከሁለት ሴት አይመለስም። ጎርደን በረዥም እንጨት ጀልባዋን ስቦ ባያወጣት ኖሮ ጎማው ይፈጫቸው ነበር። አባትህ እንቁላል ሳይሰብር ገባ። «ዛሬ ደግሞ እንዴት አማረልኝ ኤፊ!» ብሎ ከላይ ጮኸልኝ። ሴቶቹ ድልድዩ ላይ ተቀምጠው እያለቀሱ ነበር፤ ማን እንደሚያለቅስ አልጠየቀም።

በማግሥቱ ወደ ድልድዩ ስወርድ እጄን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ምን እንደማደርግ ራሴ በደንብ የማውቅ አይመስለኝም ነበር። መርከቧ መጣች፣ ጎኗን አስጠጋች። ቀጭኑን ገመድ ወረወሩልኝ። እግሬ ሥር ወደቀ። ዝም ብዬ አየሁት። ሸርተት ብሎ ባሕር ገባ።

መንገደኛው ሳቀ። ገመድ ወርዋሪው ልጅ እንደገና ወረወረ፤ እንደገና ባሕር ገባ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ገመድ የሚይዝ ከሌለ መርከብ አትታሰርም፣ መርከብ ካልታሰረች ሰው አይወርድም።

«ኤፊ!» አለ አባትህ ከላይ። «ገመዱን! ምን ሆነሻል?»

«ላክላን፣ ግድግዳዬ ምን ቀለም ነው?» አልኩት። አልጮህኩም። መሪው ያለበት ሰገነት ከራሴ በላይ ነው፤ ቀስ ብሎም ይሰማል።

«አሁን የግድግዳ ጊዜ ነው? ነጭ ነው እንጂ ምን ይሆናል!»

ሞተሩን አይተው ከመጡት አንዱ «ቀይ ነው ጌታዬ! እንደ አፍንጫዬ ቀይ!» ብሎ ጮኸ፤ መርከቧ በሙሉ በሳቅ ፈነዳች። ኒል፣ ያን ሳቅ እስክሞት አልረሳውም። አንተን ነው ያስታወሰኝ፣ እዚያው ቦታ፣ ጆሮህ ድረስ ቀልተህ።

አባትህ ፊቱን ወደ ግድግዳዬ አዞረ። ልክ ወዳለበት ነው ያዞረው፤ ቦታውን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሰዉም ቀስ በቀስ ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ ሳቁ ሞተ። «ራስሽ ነሽ የቀባሽው?» አለኝ።

«ራሴ ነኝ።»

ኮፍያውን አወለቀ። እጁን ዘርግቶ ቶሽን ፈለገው፤ ቶሽ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተጠጋለት፣ አባትህም ኮፍያውን ደፋለት። «አርቺ፣ መርከቧን ያዛት» አለ። በሦስተኛው ሲወረውሩ ገመዱን ያዝኩት። ያሰርኩት ቋጠሮ ለድመትም የማይበቃ ነበር።

አሁን እኔ ዘንድ ነው ያለው። መጀመሪያ ሰሞን አላናገረኝም ነበር። ሙሉውን ቀን ባሕሩን በሚያየው መስኮት ሥር ይቀመጥ ነበር። ለባለቤቶቹ «ዓይኔ ደክሟል» ብሎ ራሱ አስጻፈ፤ ቶሽ ጻፈለት። እነሱም ቶሽን በቦታው አድርገውታል፣ ጋዜጣ ላይም አልወጣም። ቶሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በካፒቴንነት ሲመጣ ገመዱን ለጎርደን አደራ ብዬ ሁለታችንም ከመስኮቱ ነበርን። ጫፉን ዞረ፣ ሳይነፋ ገባ።

«ጡሩምባ አልነፋም» አለ አባትህ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«አያይማ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ቅር ብሎኝ ሻዩን ሳላሞቅ ሰጠሁት፤ እሱም ሳያማርር ጠጣው። ትናንት ማታ ግን ድንገት «ምን ዓይነት ቀይ ነው?» አለኝ።

«ከጎርደን ጀልባ የተረፈ።»

«እሱማ አስቀያሚ ነው» አለ። «አባባ ቢያዩት ይገድሉሽ ነበር።»

ዛሬ ጠዋት የብሩሽ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ብወጣ አባትህ መሰላል ላይ ነው። ከጓዳዬ ኖራ አውጥቶ፣ በጥብጦ፣ በግራ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ በቀኙ ይቀባል። መሬቱም ነጭ፣ ጫማውም ነጭ፣ ድመቷም ነጭ ሆናለች። ውረድ፣ ትሰበራለህ አልኩት። «ቶሽ በምን ሊገባ ነው? በመጠጥ ቤት ግድግዳ?» አለኝ። ከላይ በቀኝ በኩል አንድ ክንድ የሚያህል ቀይ ቀርቶበታል። አልነገርኩትም። እኔም አልነካውም፤ ጫፉን ስትዞሩ ለከርስቲ አሳያት።

ቶሽ መልእክት ልኮልሃል። እሱ ወደ ላይ ስለወጣ ታች ገመድ የሚወረውር ሰው አንሶታል። እስከ በጋው መጨረሻ ብቻ ነው፤ ለምክትልነት ደግሞ በሚመጣው ዓመት እንነጋገራለን ይላል። ካላፈርክ ግላስጎው ላይ እንደ ተራ መርከበኛ ተሳፈር። ከርስቲ ከላይ ቶሽ አጠገብ ትቆማለች፣ አንተ ከታች ትቆማለህ። እኔም እጄን ከኪሴ አውጥቼ እጠብቃለሁ።

ይህን የቶሽን መልእክት ለአባትህ አነበብኩለት። ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አኖረና እጁን በሱሪው ጠራረገ። እኔ ጋ ከድልድዩ ጫፍ እንደሚቆም ነገረኝ። ሌላም ጻፊለት ብሎኛል፣ ቃሉን ሳልለውጥ ይኸው፦

«ወርውር በይው። ቢስትም አላየሁም።»

አክስትህ ኤፊ